ከጅቡቲ ወደብ እስከ ጎዳ ተራራ
በገዛ እጅ እየነዱ፣ በድንኳን እያደሩ የተደረገ የሁለት ቤተሰቦች ጉዞ

«ሳፋሪ» የሚለው ቃል በብዙዎቻችን ጆሮ የሩቅ አገር ሀብታም ወሬ ሆኖ ይሰማል። ሰፊ ባርኔጣ የደፋ፣ በአንገቱ የሩቅ ማሳያ መነጽር ያንጠለጠለ፣ ከኋላው ወጥ ቤትና ዕቃ ተሸካሚ የሚከተለው እንግዳ ሰው በዓይነ ሕሊናችን ይመጣል። ቃሉ ግን ከዚህ ሁሉ ግርግር ነጻ ነው፤ በስዋሂሊ ቋንቋ «ጉዞ» ማለት ብቻ ሲሆን ሥሩም ከዐረብኛ የመጣ ነው። ጉዞ ደግሞ ለወታደር እንግዳ ነገር አይደለም። ድንኳን መትከል፣ ውኃ መቆጠብ፣ ከነፋስ መከለል፣ በጨለማ የሰማውን ድምፅ ከምን እንደመጣ ለይቶ ማወቅ፣ ሌላው ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚማረውን ይህን ሁሉ ወታደሩ በሥራው ላይ ተምሮታል።

ነገር ግን አንድ የማይካድ ጉድለት አለ። ባል ስለ ተራራ ሌሊት ሲያወራ ሚስት ትሰማለች፤ እርሷ ልጅ ስታስታምም ስላነጋችው ሌሊት ስትነግረው ደግሞ እርሱ ይሰማል። አንዱ የሌላውን ሌሊት አብሮ አላደረም። ለዚህ ጉዞ ከተነሣነው ከአራታችን ሁለቱ ከተጋባን ሁለት ዓመት ቢሞላንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳለፍናቸው ወራት በአንድ እጅ ጣቶች የሚቆጠሩ ነበሩ። የቀሩት ሁለቱ፣ ሃምሳ አለቃውና ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆች ወልደው ያሳደጉ፣ ከዚያ ዘመን እኩሌታውን ግን ተለያይተው የኖሩ ናቸው። የዓመት ፈቃዳችን በአንድ ወር ላይ በመግጠሙ አብረን ለመጓዝ ቆረጥን።

ለምን ጅቡቲ? ብለው የጠየቁን ጥቂት አልነበሩም። ጅቡቲ ሲባል በአገራችን ሰው አእምሮ የሚመጣው ወደብ፣ ሙቀትና የተሳቢ መኪና ሰልፍ ነው። እኛም የሄድንበት ምክንያት መጀመሪያ ላይ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ የሃምሳ አለቃው ባለቤት ታላቅ እኅት በከተማይቱ ትዳር ይዘው የሚኖሩ በመሆናቸው ማረፊያ ቤት ነበረን። ሆኖም ካርታ ዘርግቶ የሚመለከት ሰው ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተ ሰሜን፣ ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ጎዳ የሚባል ተራራ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ያገኛል። በአናቱም ላይ ደን አለ። ስፋቷ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር በሆነና አብዛኛው ድንጋይና አሸዋ በሆነ አገር ውስጥ የጥድ ደን! ለማየት የሚያስመኝ ይኸው ነበር።

ከአዲስ አበባ ተነሥተን በኤሌክትሪክ ባቡር ናጋድ ጣቢያ ደረስን። ስለ ከተማይቱ ብዙ አንጽፍም፤ ወደብ አይተው የማያውቁ ሚስቶቻችን በመርከቦቹ ግዝፈት ተደንቀዋል፣ መሐል ከተማ ላይ ሕዝቡ ዛሬም «ፕላስ ሜኔሊክ» እያለ የሚጠራው አደባባይ መኖሩም አስደስቶናል። ለሚከተሉን ግን አንድ ምክር እንስጥ። በጅቡቲ ጉዳይን መጨረስ ከሆነ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ከእኛው አገር የሚሄደው ጫት ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ከተማው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ገንዘብን በሚመለከት የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177 ፍራንክ ከጥቂት ሳንቲም ተተምኖ የቆየ በመሆኑ ወጪን አስቀድሞ ማስላት አያስቸግርም። ኑሮው ውድ መሆኑን ግን መደበቅ አይገባም። የመኪናውን ኪራይ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢከፍለው ይከብድ ነበር፤ ለአራት ስንካፈለው ተቻለ።

መኪናውን በምንጠባበቅበት ቀን ከከተማው ዳርቻ ወደሚገኘው የደካን የዱር እንስሳት መጠለያ ሄድን። በዚያ ያሉት አቦ ሸማኔዎች ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች እጅ የተወሰዱ ናቸው። ግልገሎቹ በአፍሪካ ቀንድ አገሮች ከእናቶቻቸው ተነጥቀው፣ በሳጥንና በጆንያ ተደብቀው፣ ባሕር ተሻግረው ወደ ዐረብ አገሮች የሚሸጡ ናቸው። ከተነጠቁት ብዙዎቹ በመንገድ ይሞታሉ። የተረፉትም አደን ከእናታቸው ሳይማሩ ስላደጉ ወደ ዱር ቢለቀቁ ራሳቸውን መመገብ አይችሉም፤ ስለዚህ ዕድሜያቸውን በአጥር ውስጥ ይፈጽማሉ። በሽቦው ማዶ ቆሞ የሚያየንን እንስሳ የሃምሳ አለቃው ባለቤት ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከተመለከቱት በኋላ «ይህ እኮ በእኛ ኬላ አልፎ ይሆናል የመጣው» አሉ። በጠረፍና በኬላ ላይ የሚቆሙ ወንድሞቻችን ይህን አስተያየት ልብ እንዲሉት ነው የጻፍነው። የጭነት መኪና ሲፈተሽ መሣሪያና ኮንትሮባንድ ብቻ አይደለም የሚፈለገው።

መኪናው በማግስቱ መጣ፤ ላንድክሩዘር ነው፣ ዕድሜው ገፍቷል። ሃምሳ አለቃው በትራንስፖርት ክፍል ከ20 ዓመት በላይ መሪ የጨበጡ ሰው ናቸው። አከራዩ ቁልፉን ሰጥቶ ሊሄድ ሲጣደፍ እርሳቸው ጃኬታቸውን አውልቀው ከመኪናው ሥር ገቡ። የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ቱቦ፣ የባትሪ ማሰሪያ፣ የጎማዎቹ ጥርስ፣ ሁሉም በየተራ ታየ። ክሪኩ ተሞከረ፤ አልሠራም፣ ተለወጠ። ስኮርታ ጎማው አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛ ካልተጨመረ አንንቀሳቀስም አሉ። ሰውየው ተቆጣ፣ አንድ ሰዓት ተኩልም ጠፋ፤ ሁለተኛው ጎማ ግን መጣ። ከመንገድ ዳር ሰው በማይታይበት አገር ሁለተኛ ስኮርታ የማግኘትን ጥቅም በኋላ አይተነዋል።

ስንቁን ያሰናዱት ሚስቶቻችን ናቸው፣ የውኃውን ስሌት ግን አራታችንም ተቀምጠን ሠራነው። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር፣ ለአራት ሰው በሦስት ቀን 60 ሊትር፣ ለራዲያተርና ላልታሰበ ችግር 20 ሊትር፣ በድምሩ አራት ባለ 20 ጀሪካን። ይህን ያህል ውኃ መጫን የበዛ የሚመስለው ሰው ቢኖር በምሥራቁ ቆላ ያገለገለ አይደለም። ምግቡ ከአገር ቤት የተዘጋጀ ነበር፤ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና ድርቆሽ። ድርቆሹ በጥቂት ውኃና በርበሬ ሲፈተፈት እሳት ብዙ አይፈጅም። ጭኮ ደግሞ በቅቤ ስለታሸ በሙቀት የሚበላሽ ይመስላል እንጂ ሦስቱንም ቀን ሳይለወጥ ቆየ። ከከተማው የገዛነው ፍራፍሬ፣ የታሸገ ዓሣና አንድ አነስተኛ ቡታ ጋዝ ብቻ ነው። ጀበናው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በመቀመጫው ሥር ገባ።

ከከተማው ስንወጣ እስከ ፒኬ 12 ድረስ የሚተላለፉን አብዛኞቹ የራሳችን አገር ተሳቢዎች ነበሩ። ፒኬ 12ን የማያውቅ የአገራችን የከባድ መኪና ሾፌር የለም፤ እዚያ ቆመው ከሚጠባበቁት ብዙዎቹ አማርኛ ተናጋሪ ናቸው፣ የሽሮም ሽታ አይጠፋም። መንገዱ ዌአን አልፎ ፒኬ 51 ላይ ሲደርስ ሁለት ይሆናል። ተሳቢዎቹ ወደ ጋላፊ ይቀጥላሉ፤ ወደ ታጁራ የሚሄደው በቀኝ ይገነጠላል። ከዚህ በኋላ ጸጥታ ነው። ጥቁር ድንጋይ፣ ጥልቅ ገደል፣ በሩቁም ጉቤት የሚባለው የባሕር ኩሬ በመካከሉ የሰይጣን ደሴት የሚሏትን ይዞ ይታያል።

የአሳልን ሐይቅ ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ በአፍሪካ ምድር ከዚህ የሚያንስ ዝቅተኛ ቦታ የለም፤ ጨውነቱም ከባሕር ውኃ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። በሐይቁና በባሕሩ መካከል ያለው ምድር እየተሰነጠቀ የሚለያይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1978 ዓ.ም. አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ በዚያ ፈንድቶ ያፈሰሰው ጥቁር ዐለት ዛሬም እንደ አዲስ ይታያል። የአፋር ግመል ነጂዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ጨው እየጫኑ ወደ ደጋው የወጡት ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ የላከው የካፒቴን ሃሪስ መልእክተኛ ጓድም ከታጁራ ተነሥቶ በዚሁ ሐይቅ ዳር አልፏል። እኛ በአየር ማቀዝቀዣ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ያማረርነውን ሙቀት እነዚያ ሰዎች በበቅሎና በግመል አልፈውታል። የሃምሳ አለቃው ባለቤት ከሐይቁ ዳር አንዲት የጨው ድንጋይ አንሥተው ምላሳቸው ላይ ካደረጉ በኋላ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ሁላችንም ሳቅን።

ስለ ዱር እንስሳት ከወዲሁ ግልጽ እናድርግ። አንበሳና ዝሆን ለማየት የሚመኝ ሰው ወደ ሌላ አገር ይሂድ። የዚህ አገር እንስሳ የሚታየው ለሚታገሥ ሰው ነው። በመንገድ ዳር በግራር ጥላ የቆሙ ሁለት ሚዳቋዎች አየን፤ ከአፈሩ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ስለነበራቸው መጀመሪያ ያየቻቸው ወጣቷ ሚስት ናት፣ እኛ ግን በእጇ እየጠቆመችንም ለማየት ጊዜ ወሰደብን። ከፍ ወዳለው ስንቃረብ ዝንጀሮዎች በብዛት መጡ። በአዋሽ አካባቢ የምናውቀው ባለ ነጭ ጎፈሩ ዝንጀሮ ነው። አንዱ አውራ ከነቤተሰቡ መንገዱን ዘግቶ ተቀመጠ፤ ጥሩምባ ብንነፋም አልተነሣም። ሃምሳ አለቃው ሞተር አጥፍተው «ሥልጣኑ የእርሱ ነው፣ ይወስን» አሉ። ዳቦ ለመወርወር እጅ የተዘረጋ ነበር፤ ከለከሉ። ዝንጀሮ ከመኪና መብላት የለመደ እንደሆነ በሚቀጥለው ጊዜ መስኮት ይከፍታል፣ ከዚያም ሰው ይነክሳል፣ በመጨረሻም ይገደላል።

አስፋልቱን ትተን ወደ ተራራው የታጠፍነው ከቀትር በኋላ ነው። መንገዱ ድንጋይ የተደረደረበት፣ እየተጠማዘዘ የሚወጣ፣ በአንድ ወገኑ ገደል ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ መንዳት ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ሃምሳ አለቃው በተግባር አሳዩን። አስቀድመው የጎማዎቹን ነፋስ በጥቂቱ ቀነሱ፤ ጎማው ሲላላ ድንጋዩን ያቅፈዋል እንጂ አይጋጭበትም። ከዚያም አራቱንም ጎማ የሚያሠራውን ከባድ ማርሽ አስገቡ፤ ነዳጁን ሳይበዛና ሳያንስ ረግጠው መኪናው እንደ በቅሎ እየመረጠ እንዲራመድ ተዉት። ዐይን የማያየው ጠመዝማዛ ሲመጣ ከእኛ አንዱ ወርዶ ቀድሞ በእግሩ ይሄዳል። ይህን ተራ ሚስቶቻችንም ወሰዱ፤ እንዲያውም ወጣቷ በእጅ ምልክት ማስተላለፍን ከምልምል ወታደር ፈጥና ተማረች ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጎማው የፈነዳው ከግማሽ በላይ ከወጣን በኋላ ነው። ስፍራው ዳገት ስለሆነ መጀመሪያ ከጎማዎቹ ኋላ ትላልቅ ድንጋይ አስደገፍን፣ ክሪኩንም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆምነው። በዚህ መሐል ሁለት ሴቶች ፍየል እየነዱ፣ በጀርባቸው እንጨት ተሸክመው ከላይ ወረዱ። የሃምሳ አለቃው ባለቤት ተወልደው ያደጉት አሳይታ ነው፤ የአፋርኛው ሰላምታ ከአፋቸው ሲወጣ ሴቶቹ ሸክማቸውን አውርደው ተቀመጡ። ዳጉ ተጀመረ። ዳጉ ምን እንደሆነ በአፋር ያገለገለ ሁሉ ያውቃል፤ መንገደኛ ለመንገደኛ ያየውንና የሰማውን፣ ዝናቡን፣ ሣሩን፣ ሞቱንና ልደቱን፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚነግርበት ሥርዓት ነው። ጎማው ተለውጦ ሲያበቃ ዳጉው ገና አላለቀም ነበር፤ እኛም አላቋረጥንም። ባለፈው ሳምንት ከላይ ዝናብ ጥሎ የደረቁን ወንዝ ጎርፍ እንደሞላው፣ ከሰፈሩ በታች ያለው ሜዳ ለድንኳን የተመቸ ቢመስልም የጎርፉ መውረጃ እንደሆነ፣ እንግዳ የሚያስተናግዱ ሽማግሌ ደግሞ በየትኛው ቤት እንደሚገኙ የሰማነው በዚያ ነው። ካርታችን ከእነዚህ አንዱንም አልያዘም።

ዳይ በምትባለው መንደር የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሽማግሌው በዳቦይታቸው ደጃፍ ተቀበሉን። የማደሪያና የመሪ ክፍያውን ተስማማን፤ ይህ ገንዘብ ለመንደሩ ከደን የሚገኝ፣ ዛፍ ሳይቆረጥ የሚመጣ ገቢ በመሆኑ ስለ ዋጋው ብዙ መከራከር ተገቢ አልመሰለንም። ድንኳኖቻችንን ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ላይ ተከልን። ከመንገድ ውጭ እንዳሻን ከመሄዳችን በፊትም ስለ ፈንጂ ጠየቅን። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1994 በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ሰሜኑ የጦር ሜዳ ስለነበር ፈንጂ ተቀብሮበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አገሪቱ ከዚህ ስጋት መላቀቋን አስታውቃለች። ሽማግሌውም በዚህ አካባቢ ፍየሎቻቸው ሁሉን ቦታ እንደረገጡ ነገሩን። ቢሆንም የተረገጠውን መንገድ መከተል ለእኛ ልማድ ነው።

በማግስቱ ከመሪያችን ጋር ወደ ደኑ ገባን። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ጥዱ የራሳችን ጥድ ነው። በጎንደርና በጎጃም በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቆመው፣ የአገር ቤት አውራጅ ምሰሶ የሚያደርገው፣ ሽታው ከልጅነታችን የምናውቀው የሐበሻ ጥድ። ልዩነቱ እዚህ አብዛኛው ሞቶ መቆሙ ነው። ቅርፊቱ የተገፈፈ፣ ነጭ የሆነ፣ ቅርንጫፉን እንደዘረጋ የደረቀ ዛፍ ከሸንተረር ሸንተረር ተሰልፏል። በመካከሉ አልፎ አልፎ አረንጓዴ ጥድ ይታያል፤ በሥሩም ጥዱን የሚተካ አጭር ቁጥቋጦ በቅሏል። ደኑ በቅኝ ግዛት ዘመን እ.ኤ.አ. በ1939 ጥብቅ ተብሎ ተከልሎ ነበር። ክልሉ በወረቀት ሲኖር ዛፉ አለቀ። ለምን ቢባል ምክንያቱ አንድ አይደለም። ከብትና ፍየል ችግኙን ገና ሳያድግ ይበሉታል። ማገዶ ይቆረጣል። ከሁሉም በላይ ዝናቡ ቀንሷል፤ ይህ ደን የሚኖረው ከባሕሩ ተነሥቶ ተራራውን በሚያለብሰው ጉም ጭምር ስለሆነ ጉሙ ሲሳሳ ዛፉ ይጠማል። አሮጌው ይሞታል፣ አዲሱ አይበቅልም። መንደርተኛውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በሌላ ነገር የሚያበስል፣ ፍየሉን ወዴት እንደሚነዳ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ሊወቅሰው የሚችለው።

ከሰዓት በኋላ ቡና አማረን። ቡታ ጋዙ አለ፣ ግን በድንኳን ደጃፍ የእንጨት እሳት ሳይነድ የቡና ወግ ምን ወግ ይሆናል? ሃምሳ አለቃው ፋሳቸውን አንሥተው ወደ አንድ የደረቀ ጥድ ሄዱ። ክርክሩ የተነሣው ያን ጊዜ ነው። «የሞተ ዛፍ ነው፤ ብንተወውም አይነሣም» አሉ። ከመካከላችንም ሐሳባቸውን የደገፈ ነበር፤ አነጋገሩ እውነት አለው። የከለከሏቸው ባለቤታቸው ናቸው። «ትናንት ያየናቸው ሴቶች የተሸከሙትን አየህ? አንዱ ሸክም ለስንት ቀን እንደሚበቃቸው ጠየቅኋቸው። እኛ ለአንድ ጀበና ብለን ያንን ብንወስድባቸው እንግዳ ነን ወይስ ሌላ?» አሉ። መሪያችን አማርኛ ባይሰማም ነገሩ ስለ ምን እንደሆነ ከፋሱ ተረዳ፤ የሞተው ግንድም ሥራ እንዳለው በአፋርኛ አስረዳ። አፈሩን በዝናብ ጊዜ የሚይዘው እርሱ ነው፤ ፍየል የማትደርስበት ችግኝ የሚበቅለው በወደቀው ቅርንጫፍ ሥር ተከልሎ ነው። ከዚህም ሌላ ደረቅ እንጨት መሸጥ ከተጀመረ እርጥቡን ልጦ የሚያደርቅ ሰው አይጠፋም። ፋሱ ወደ መኪናው ተመለሰ። በቡታ ጋዝ የፈላ ቡና በእንጨት እሳት ከፈላው ጋር አንድ ነው ብለን አንዋሽም፤ ጠጣነው ግን፣ ሦስተኛውም ተደገመ።

ሌሊቱ በረደ። ወደቡ ላይ አንሶላ ያስጣለን አየር እዚህ ብርድ ልብስ አስደረበን። ከሩቅ ጅብ ጮኸ። ከአራታችን ወጣቷ ድምፁ በስንት ርቀት እንዳለ ጠየቀች፤ መልሱን ከሰማች በኋላም ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር አዛምዳ ለራሷ ገመተች። እንቅልፍ እስኪወስደን ድረስ በዚያች ድንኳን የተጨዋወትነው የቤት ጉዳይ ነው። የተላከ ገንዘብ ስለዘገየበት ወር፣ ስላልተጻፈ ደብዳቤ፣ በስልክ ሊነገር ስለማይችል ነገር። እዚህ አናትተውም።

ከጎሕ በፊት መሪያችን ቀሰቀሰን። ወደ ደኑ ጫፍ ወጥተን በዝምታ ተቀመጥን፤ ምክንያቱም የዚህ ተራራ ትልቁ ሀብት የሚሰማው በዚያ ሰዓት ነው። የጅቡቲ ቆቅ ይባላል። ወደ 35 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ግራጫና ቡናማ፣ ከፊቱ ጥቁር ምልክት ያለው ወፍ ነው። በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን ከጎዳና ከአጎራባቹ ማብላ ተራራ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም። ዛሬ የቀረው ቁጥር ከጥቂት መቶዎች እንደማያልፍ ስለሚገመት በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ወፎች ተርታ ተመድቧል። ዘርና ፍሬ ይለቅማል፣ ምስጥ ይጭራል፤ የሚራባውም በዚሁ በቀዝቃዛው ወቅት ነው። ጥዱ ሲያልቅ እርሱም መድረሻ የለውም፤ ከተራራው ወርዶ በሙቀቱ መኖር አይችልም፣ ከተራራው በላይ ደግሞ ሰማይ ነው።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ የሚያጓራ፣ እየፈጠነ የሚሄድ ጥሪ ነው። ሌላ ከማዶ መለሰ። ሃምሳ አለቃውና እኛ መነጽራችንን ይዘን ድምፁ የመጣበትን ቁጥቋጦ ስንበረብር የሃምሳ አለቃው ባለቤት የወጣቷን ክንድ ያዝ አደረጉ። ወፎቹ ከእኛ በስተ ጀርባ ነበሩ። ሁለት ናቸው፤ ከወደቀ ግንድ ሥር ወጥተው አፈሩን ይጭራሉ። ዞረን እስክናይ አንዱ ገብቷል፤ የሁለተኛውን ጀርባ ብቻ አየነው። ሴቶቹ ሁለቱንም አይተዋል፣ እስከ ዛሬም ይኩራሩብናል። የተጫረበትን ስፍራ በኋላ ሄደን ስንመለከት በዚያው በወደቀው ግንድ ቅርፊት ሥር ምስጥ ነበር።

ይህ ነገር ወደ አገራችን ሐሳብ መለሰን። ዋልያም እንዲሁ ከስሜን ተራሮች በቀር መኖሪያ የለውም። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጥቷል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ መመለስ የሚቻል ነገር ነው። የባሌ ተራሮችም እ.ኤ.አ. በ2023 ተመዝግበዋል። በዓለም ላይ አምስት መቶ ያህል ብቻ ከሚቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ይኖራሉ። ወደ ጅቡቲ ለመሄድ አቅሙ ወይም ሰነዱ የሌለው ቤተሰብ ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሰነቴ አምባ የሚወጣውን መንገድ ቢሞክር ከ4,000 ሜትር በላይ በራሱ መኪና ይነዳል፤ ቀይ ቀበሮንም ከመቀመጫው ሳይነሣ ሊያይ ይችላል። ለዚያ የሚያስፈልገው ከጀሪካን ይልቅ ካፖርት ነው። በየትኛውም ቦታ የጊዜውን የጸጥታ ሁኔታ አስቀድሞ መጠየቅ አይዘንጋ። ጅቡቲን ለሚመርጡ ደግሞ ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በበጋው ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነሣ ድንኳን ውስጥ ማደር ቅጣት ይሆናል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ያስፈራል። ፍሬን ላይ እግሩን አሳርፎ የሚወርድ ሾፌር ከግማሽ መንገድ በኋላ ፍሬን አይኖረውም፤ ብረቱ ግሎ አይዝም። ሃምሳ አለቃው በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ አድርገው ወረዱ። ሁለት ጊዜ ቆመን ጎማዎቹን በእጅ ዳሰስን። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ነፋስ ሞላን፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከብርድ ልብስ ወደ ላብ ተመልሰን ነጫጭ ቤቶች ባሏት ታጁራ ገባን።

ታጁራ ጥንታዊት ወደብ ናት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ግጥሙን ከተወ በኋላ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ የተነሣው ከዚህ ነው፤ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ወራት ፈጅቶበት እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ወጣ፣ በ1887 መጀመሪያ ሸዋ ደረሰ፣ ከንግዱም ያሰበውን አላተረፈም። ይህን በባሕሩ ዳር ዓሣ እየበላን ስንጫወት የሃምሳ አለቃው ባለቤት ከአንዲት የዓሣ ሻጭ ጋር ዳጉ ጀምረው ነበር። መንገዱን፣ ጎርፉን፣ የፈነዳውን ጎማ፣ የደረቀውን ጥድና ሁለቱን ቆቆች በተራ ሲነግሯት ሴትዮዋ ሳቀች። ምን እንደሚያስቅ ብንጠይቃቸው ወሬው ከእኛ ቀድሞ ወርዷል አሉን፤ ሴትዮዋ የጎደለባት፣ ፋሱን ወደ መኪናው የመለሱት ሴት የትኛዋ እንደሆኑ ማወቅ ብቻ ነበር።